«የሚያውቅህ ሰው አለ?»

ሽሮው ምድጃ ላይ ነበር። እኔ ቁምጣ ለብሼ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቄ፣ የቆሻሻ ፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ንፋስ አይጠፋም። በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። ቁልፉ ውስጥ፣ ስልኩ ውስጥ፣ ሽሮው ውስጥ።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። የብሎካችን ግድግዳ ላይ «ቁልፍ እንቀርጻለን» ከሚል ጽሑፍ ጋር አምስት ስድስት ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። በጥበቃው ስልክ ደወልኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀጭን ሰው ትንሽ የሸራ ቦርሳ ይዞ ደረጃውን ወጣ። በሩን አየው። የቁልፉን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ቦርሳውን ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞረና፣ «የሚያውቅህ ሰው አለ?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ቤቱ የኔ ነው» አልኩት።

«እሱማ ይሆናል። ግን እኔ አላውቅህም ወንድሜ። ቤቱ የእሱ ነው የሚለኝ ሰው ጥራልኝ።»

ሽሮው መሽተት ጀምሯል። ጎን ያለውን በር አንኳኳሁ፤ ሰው የለም። ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ በሩን በስሱ ከፍታ ቁምጣዬን አየችና «ይቅርታ፣ እኛ ለቤቱ አዲስ ነን» ብላ ዘጋችው። ስድስት ወር ሆኗቸዋል። አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሁለት ዓመት በኖርኩበት ብሎክ ስሜን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ደረጃ ለደረጃ ተንከራተትኩ። በመጨረሻ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ።

«እማማ፣ ይሄን ልጅ ያውቁታል?» አላቸው ቁልፍ ሠሪው።

«አውቀዋለሁ እንጂ» አሉ። «ሰላም ሳይል የሚያልፈው ነው።»

ለእሱ ይሄ በቂ ምስክርነት ነበር። ቦርሳውን ከፈተ። መጀመሪያ ቀጭን ፕላስቲክ በበሩና በመቃኑ መሀል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አወጣ። አንደኛዋ ጫፏ የታጠፈ፣ ሌላዋ እንደ ወስፌ የቀጠነች። ሁለቱንም ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ፤ ከሩቅ የሚሰማ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ። በሩ ተከፈተ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ምስክር ፍለጋው ግን ግማሽ ሰዓት ወስዷል። ሽሮው ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ ጠበቀኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁለት ነገር ነው ያንገበገበኝ። አንደኛው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማምኜበት የተኛሁበት ቁልፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑ። ሁለተኛው የእማማ ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛውን ለማስተካከል ወኔ አልነበረኝም። ስለዚህ በመጀመሪያው ጀመርኩ።

ከቁራሌው ማዳበሪያ

ቁራሌው ሁልጊዜ ይገዛል እንጂ ሲሸጥ አላየሁም ነበር። አስቁሜው «ቁልፉ የጠፋ ጋን ቁልፍ አለህ?» ስለው ዓይኔን አየ፣ እጄን አየ፣ ከማዳበሪያው ሦስት ዝገት የበላቸው አወጣልኝ። ዋጋቸው የአንድ ማኪያቶ እንኳ አይሆንም። ምናለሽ ተራ ብሄድ በኪሎ አገኝ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ። አንድ አዲስ የበር ሲሊንደር ደግሞ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዛሁ። እሱን የገዛሁት ፈትቼ ሆዱን ለማየት ነው።

ፈታሁት። ውስጠኛውን ክፍል የያዘችውን ቀለበት በዊንጣ መፍቻ አስፈንጥሬ ሳብ ሳደርገው ሞላዎቹ ተስፈንጥረው ወጡ፤ ትንንሾቹ ፒኖች ወለሉ ላይ ተበተኑ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ተረት ሆኖ አልቀረም፤ አልጋ ሥር ተንበርክኬ በስልክ መብራት ስለቅም አመሸሁ። አንዷን ሞላ እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።

ግን በዚያ መልቀም መሀል ነገሩ ገባኝ። ሲሊንደር የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከበሩ ጋር የታሰረ፣ ሌላው ውስጡ ሆኖ የሚዞር። ሁለቱን አቋርጠው የሚያልፉ ብዙ ጊዜ አምስት ቀዳዳዎች አሉ። በየቀዳዳው ሁለት ፒን ይደረደራል፣ ከጀርባቸው ሞላ ይገፋቸዋል። ፒኖቹ የሁለቱን ክፍሎች ድንበር ረግጠው ስለሚቆሙ ውስጠኛው መዞር አይችልም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ይገፉታል፤ የሁለቱ ፒን መገናኛ ድንበሩ ላይ ያርፋል፤ ይዞራል። በቃ፣ ይኸው ነው። የጥንት ግብፆች ይሄንኑ ሐሳብ በእንጨት ሠርተውት ነበር። አሁን በየበራችን ላይ ያለውን ቅርፅ ያስያዘው አሜሪካዊው ትንሹ ሊነስ ዬል ነው (አባትየውም ስሙ ሊነስ ዬል ነው)፤ አንዱን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1861 ነው። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታዲያ ያለ ቁልፍ እንዴት ይከፈታል? ፋብሪካው ፍጹም ስላልሆነ ነው። አምስቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተበሱ ይባላል እንጂ በፀጉር ያህል ይዛነፋሉ። ስለዚህ ውስጠኛውን ክፍል ልታዞረው በትንሹ ጫን ስትለው ፒኖቹ እኩል አይያዙም። አንዱ ቀድሞ ይያዛል። ሌሎቹ እንደ ልብ ይነሳሉ፣ እሱ ግን ይከብዳል። ፈልገህ ታገኘዋለህ፤ ቀስ አድርገህ ትገፋዋለህ፤ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይልና ይቀመጣል። ከዚያ ተራው የሌላው ነው። ዓይን እዚህ ውስጥ ሥራ የለውም። ሁሉም በጣት ጫፍ ነው።

ብረቶቹን ራሴ ሠራኋቸው። አንዷን ከተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ በሞረድ አሹዬ፤ «መቆስቆሻ» አልኳት። ጫናውን የምትይዘውን ደግሞ አንድ ጎሚስታ ጋ ከተጣለ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ውስጥ ካለችው ጠፍጣፋ ብረት ቆርጬ አጠፍኳት። እሷ «ጠማማዋ» ነች። አዲስ ጀማሪ ሁሉ መቆስቆሻዋ ላይ ያተኩራል። እኔም። ሥራውን የምትሠራው ጠማማዋ እንደሆነች ለመረዳት ግን ብዙ ማምሸት ነበረብኝ።

ለጀማሪ የሚመከረው ዘዴ ጥሩ ነው። ከአምስቱ አራቱን ፒን አውጥተህ በአንድ ትጀምራለህ። አንድ ፒን ሕፃንም ይከፍተዋል። ከዚያ ሁለት ታደርጋለህ። ሦስት። እኔ ሦስት ላይ ቆምኩ። በየማታው ከሥራ መጥቼ እራት ሳልበላ እቀመጣለሁ። ጣቴ ላይ የብረቷ ምልክት ቀረ። አንድ ማታ፣ ስለ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ፣ እጄ በራሱ እየሠራ ሳለ፣ ጠማማዋ ከሥሬ ሸርተት አለችብኝ። የተንሸራተተች መስሎኝ ተናደድኩ። ሳየው ሲሊንደሩ ዞሯል።

አልጨፈርኩም። ወዲያው መልሼ ዘጋሁትና ደግሜ ሞከርኩ። አልተከፈተም። እስከ እኩለ ሌሊት አልተከፈተም።

ለእናቴ በስልክ ብነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብላ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ቀጠለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሰው ሁሉ የሚያስበው ይሄንን ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን ያለ ቁልፍ መክፈት የታወቀ የትርፍ ጊዜ ስፖርት ነው። ጀርመን ሀምቡርግ ላይ በ1997 ማኅበር ተመሥርቶለታል፤ ሰዓት ተይዞ ይወዳደሩበታል። ሁለት ሕግ አላቸው። የራስህን ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህን ቁልፍ ብቻ ክፈት። እየተሠራበት ያለ ቁልፍ ላይ አትለማመድ። ሁለቱንም በቃሌ ያዝኳቸው። ሁለተኛውን በሳምንቱ ጣስኩት።

የሚያሳብቅ ቁልፍ

ከመጣሴ በፊት ግን ስለ አንድ ሰው ላውራ። ከዚህ ሁሉ ንባቤ የወደድኩት ታሪክ ስለሆነ ነው።

ለንደን ውስጥ ጆሴፍ ብራማ የሚባል ሰው በ1784 አንድ ቁልፍ አስመዘገበ። በጣም ስለተማመነበት ሱቁ መስኮት ላይ ሰቅሎት፣ ይሄን የሚከፍት መሣሪያ ለሚሠራ 200 ጊኒ (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) እከፍላለሁ ብሎ ጻፈበት። ብራማ አርጅቶ ሞተ፤ ቁልፉ መስኮቱ ላይ ቀረ። 60 ዓመት ገደማ ማንም አልቻለውም። ቸብ የሚባል ሌላ ቤተሰብ ደግሞ በ1818 የሚያሳብቅ ቁልፍ አወጣ። አንድ ሰው በሌላ ብረት ሲነካካው ውስጡ ያለ ነገር ከልክ በላይ ከተነሳ ቁልፉ ይቆለፋል። ባለቤቱ ሲመጣ በራሱ ቁልፍም መጀመሪያ አይከፈትለትም። ያኔ ሰው እንደሞከረው ያውቃል።

በ1851 ታላቁ ኤግዚቢሽን ለንደን ላይ ሲደረግ አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ መጣ። የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ያህል ከፈተው። ከዚያ ወደ ብራማ ዞረ። 51 ሰዓት ፈጀበት፤ እሱም በ16 ቀን ውስጥ ተከፋፍሎ። ተከፈተ። 200 ጊኒውን ወሰደ።

ሰው ስለ ሆብስ ሲያወራ ስለ 25 ደቂቃው ነው። እኔን የገረመኝ 51 ሰዓቱ ነው። ሦስት ፒን ላይ ስንት ሌሊት እንዳመሸሁ ስለማውቅ ይሆናል። ደግሞ ያ የሚያሳብቅ ቁልፍ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የትኛውም ብረት ሳይኖርበት፣ ነጠላ ለብሶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚቀመጥ አንድ አውቃለሁ።

እጅህ ከባድ ነው

አምስት ፒን መክፈት ስችል የራሴ በር ላይ ለመሞከር ጓጓሁ። ትርፍ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፣ በሩን ከውጭ ሳብኩት፣ ተንበረከኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዞረ። በደስታ ግማሽ ዙር ሳዞረው አንድ ነገር ቃ አለ። ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም እምቢ። ሲገለበጥ ሞላው የገፋቸው ፒኖች ቁልፍ የሚገባበት ክፍተት ውስጥ ተሰንቅረዋል። ኪሴ ያለው ቁልፍ ራሱ አልገባም አለ። እየተሠራበት ባለ ቁልፍ አትለማመድ የሚሉት ለዚህ ነው።

ያንኑ ቀጭን ሰው ጠራሁት። በሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ብረቶቼን ሲያይ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጥበቃው ሰማ። በማግስቱ ብሎኩ በሙሉ ሰማ።

በሩን ካስተካከለ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጠማማዋን ተቀብሎኝ አገላበጣት፤ «መጥፎ አይደለችም» አለ። ከዚያ አንዱን ጋን ቁልፍ ሰጥቶ ክፈት አለኝና እጄን ያይ ጀመር። ብዙም አልቆየ። «እጅህ ከባድ ነው» አለኝ። «ሲያቅትህ ትጫናለህ። ስትጫን ሁሉም አንድ ላይ ይያዙብሃል። ሲያቅትህ ልቀቅ።» ጠማማዋን በአንድ ጣቱ ብቻ፣ ጥፍሩን ብቻ አስነክቶ አሳየኝ። ያቺ አንዲት ምክር ካነበብኩትና በቪዲዮ ካየሁት ሁሉ በለጠችብኝ።

መቼም ሳልጠይቀው አልለቅም፤ «ያኔ ምስክር ካላመጣህ ያልከኝ ሕግ አለ እንዴ?» አልኩት።

«ሕግ አላውቅም» አለ። «አንዴ ከፍቼ አውቃለሁ። ባልየው ነኝ አለኝ፤ ባልየው ነበርም። ሚስትየዋ ግን ቁልፉን የቀየረችው ከእሱ ሸሽታ ነው።» ሌላ አልጨመረም። ቦርሳውን አንስቶ ወረደ።

ምድር ቤት

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ምድር ላይ ያለውን ቤት የሚያከራዩት ጋሼ ናቸው። እኛ ብሎክ አይኖሩም፤ ለኪራይ ብቻ ነው ብቅ የሚሉት።

«ቁልፍ የሚከፍተው አንተ ነህ አሉ» አሉኝ። ተከራያቸው የወሩን አልከፈለም። ስልኩ አይነሳም። ሦስት ቀን አልታየም። «ዕቃው መኖሩን አይቼ ልዝጋው ነው። ቤቱ እንደሆነ የኔ ነው።»

ቤቱ የኔ ነው። ያቺን ቃል እኔም ብያታለሁ።

አብሬያቸው ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነው። በሁለት ዓመት ከምናምን ውስጥ በዚያ ብሎክ ለአንድ ነገር ስፈለግ የመጀመሪያዬ ነበር። ብረቶቹ ኪሴ ውስጥ ይንኳኳሉ። በሩ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን አየሁት። አልጋ ሥር ከበተንኩት ሲሊንደር ጋር አንድ ዓይነት ነው። እጄ በላኝ። ከመቃኑ አጠገብ የልጁ ነጠላ ጫማ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጥንዱ እኩል ተደርጎ፣ ተመልሶ እንደሚያገኘው እርግጠኛ የሆነ ሰው እንዳስቀመጠው።

ያን ጫማ እያየሁ ሁለቱን ሕጎች አሰብኳቸው። ባለቤቱ ከፈቀደ ይላል የመጀመሪያው። ባለቤቱ ከጎኔ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። የብረቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ካርታው በእሳቸው ስም ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን መክፈት እችላለሁ። ሁለተኛው፣ እየተሠራበት ያለ ቁልፍ የሚለው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለፒኑና ለሞላው ታስቦ የተጻፈ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ በር ኋላ ያደረ ሰው ግን አለ። ጠዋት ሲወጣ ዘግቶት፣ ተዘግቷል ብሎ አምኖ የሄደ። እኔ ሽሮዬን ጥጄ እንደተማመንኩት።

«ጋሼ፣ ልጁን የሚያውቅ ሰው እንጥራ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ያልኩት ግን ሌላ ነው። «ይሄኛውን ዓይነት አልችለውም» አልኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከነካኋቸው ቁልፎች ሁሉ ቀላሉ ነበር። አልከፍትም ማለት ሲገባኝ አልችልም አልኩ። ጋሼ ከላይ እስከታች አይተውኝ «ወሬ ነዋ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ስልክ ቁጥሮቹን ሲያነቡ አየኋቸው። ያ ቀጭኑ ሰው ቢመጣ እንደሚጠይቃቸው አውቃለሁ። ሌሎቹ አምስቱ ግን? የእኔ ውሸት በሩን ለአሥር ደቂቃ ነው ያቆየው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ ሦስተኛ ፎቅ አንኳኳሁ። በዚያ በር ላይ እጄ ሲያርፍ የመጀመሪያዬ ነው። እማማ ከፈቱ። «ደህና ዋሉ እማማ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ወጣ። ስለ ልጁ ጠየቅኳቸው።

«አያቱ አርፈውበት ደሴ ሄዷል እኮ» አሉ። «እየነገረኝ ነው የሄደው። ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ነው አለ።» ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። «እሱ ሰላም ይላል። ሲሄድም ይናገራል።»

ነጠላቸውን ደርበው ብረቱን ይዘው ወረዱ። ከጋሼ ጋር ያወሩት ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ጋሼ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ «ነፍስ ይማር» ብለው ወጡ።

ልጁ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። በሩ ላይ ምን ሊደረግበት እንደነበር አልነገርኩትም። እማማም የነገሩት አይመስለኝም። ጫማውን አንስቶ ገባ።

አሁንም እለማመዳለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ፒኖቹ ወገባቸው እንደ ክር ማጠንጠኛ የተሰረጎደ አንድ ጋን ቁልፍ ተቀምጧል፤ ያታልላል። ትንሽ ይዞርና የተከፈተ አስመስሎ ይቆማል። ከዚያ ለማለፍ ጫናውን መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ስለቅ ደግሞ የተቀመጡት ሁሉ ይወድቁብኛል። ሁለት ወር ሆኖናል።

ትርፍ ቁልፌን እማማ ጋ አስቀምጫለሁ። ስሰጣቸው ተቀብለው መሀረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩትና «ታዲያ ያ ሁሉ ሽቦ ምን ሊሠራልህ ነው?» አሉኝ።